በራሱ የሚከፈት ግድግዳ

ልጅቱ ያንን ብረት ለምን ወደ ቤት አመጣችው?

ወይዘሮ ኦልዊን ፔንሄል ይህን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጡት አደሩ። መልስ ግን አላገኙለትም። የልጅ ልጃቸው ብሪዮኒ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መታጠቢያው ገብታ ነበር። እሳቸው የምሳ ዕቃዋን ሊያጥቡ ቦርሳውን ሲከፍቱት ከሥሩ ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ የታጠፈ ብረት ተጋድሞ አገኙ።

«ይሄ ምንድነው የኔ ልጅ?» አሉ በበሩ በኩል።

«አትንኪው ናና። ነገ ትሰሚያለሽ።» አያቷን የምትጠራቸው ናና እያለች ነው።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የልጁ አባት ወደ ማዕድን ሥራ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። እንዲህ ያለች ልጅ «ነገ ትሰሚያለሽ» ብላ ስትተኛ እንቅልፍ የሚወስደው አያት የት ይገኛል? ኦልዊን ብረቱን አንሥተው ከፍራሻቸው ሥር ከተቱና ተኙበት። ክፉ ነገር ከሆነም ከእኔ ሥር ይሁን አሉ።

ጠዋት የተሰማው ነገር ግን ብሪዮኒ ያለችው አልነበረም። ብሪዮኒ የምትሠራበት ክለብ የጽዳት ሠራተኛ ሚሌና ደወለች።

«ኔቪል ሞተ» አለች፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ኔቪል ስታክ፣ አለቃችን። ለጽዳት ስገባ ውጩ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የተኛ መስሎኝ ሻይ ላምጣልህ ወይ አልኩት እኮ።»

ዊላራ ከተማ ውስጥ «ውጩ» የማይባልበት ቀን የለም። ሣር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉበት የቦውሊንግ ክለቡ የኋላ ክፍል ነው። ስሙ ውጭ ይሁን እንጂ ጣሪያ አለው፣ ምንጣፍ አለው፣ የቁማር ማሽኖች ተደርድረውበታል። ሕጉ ቤት ውስጥ ማጨስን ሲከለክል ጭሱ ወደዚያ ተሰደደ፤ ብርጭቆ የሚሰበስቡት ሠራተኞችም ተከትለውት ሄዱ። ሕጉ ደግሞ ጣሪያ ያለው ማጨሻ ቢያንስ ሩቡ ለአየር ክፍት ይሁን ስለሚል፣ በሣሩ ሜዳ በኩል ያለው ግድግዳ በሚገለበጡ የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች ተሠራ። በመዘወሪያ ሲዘውሩት ይከፈታል፤ መልሰው ሲዘውሩት ግጥም ይላል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ክፍት ነው። ተቆጣጣሪ ሲሄድ ዝግ ነው፤ ቁማርተኛ ብርድ አይወድም።

ብሪዮኒ እዚያ ውስጥ ስትመላለስ ውላ ስትመጣ የሥራ ሸሚዟን ጓሮ አውልቃ ገመድ ላይ ሳትሰቅል ወደ ቤት አትገባም። «ልጄ ሳይወለድ ማጨስ ጀመረ ናና» ትላለች። በዚያው ሳምንት ከኔቪል ጋር ተጣልታ፣ «ያ ክፍል አንድ ቀን ሰው ይገድላል፤ ያን ቀን አንተን ያድርገው» እንዳለችው ራሷ ራት ላይ ነግራቸው ነበር።

ኦልዊን ስልኩን እንደያዙ ወደ ፍራሻቸው ዞረው አዩ። ያ ብረት መዘወሪያው ነው። ዘግታበት፣ ማንም እንዳይከፍትለት ብረቱን ይዛ መጣች።

ከዚያ በኋላ ያሰቡት ነገር የለም። ብሪዮኒ ገና ሳትነሣ ብረቱን ከፍራሹ ሥር አውጥተው በሹራባቸው ጠቀለሉት፤ ወደ ጓሮ ወርደው ዶሮዎቹ ከሚጥሉበት ሳጥን ውስጥ ከጭዱ ሥር ቀበሩት። ዶሮዎቹ ተንጫጩ። ሣሩ በሐምሌ ውርጭ ነጭ ሆኗል፤ የሄዱበት ዱካ ቁልጭ ብሎ ሲታያቸው በእግራቸው ጫፍ አጠፉት።

ብዙም ሳይቆይ የክለቡ ሊቀ መንበር ክላይቭ ሃርኔት ሎሚ በሳህን ይዞ መጣ። ቤቱ ከክለቡ ሣር ማዶ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሣሩን የሚያጭደውም እሱ ራሱ ነው። ኦልዊንን ከወጣትነታቸው ያውቃቸዋል።

«ሰማሽ አይደል?» አለ ሳይቀመጥ።

«ሰማሁ። ነፍሱን ይማር። ልቡ ነው አሉ?»

«ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል። ልብ ሆኖ ይቅር።» ወደ ውስጠኛው ክፍል አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኦልዊን፣ ልጅቱ ትናንት ከክለቡ ይዛው የመጣችው ብረት አለ። ለእኔ ስጪኝ።»

«ምን ብረት?»

«እኔን አትፍሪኝ። ወንዝ ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ፖሊስ ከዚህ ቤት ካገኘው ግን፣ እግዜር አይበለውና፣ ልጅዋን እስር ቤት ነው የምትወልደው።»

«እሺ» የሚለው ቃል ኦልዊን ከንፈር ድረስ መጣ። ያስቀራቸው ብልሃት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ሰጠሁ ማለት አለ ማለት ነው። «አላየሁም» አሉ።

«ፈልጊው» አለ ክላይቭ። «ተመልሼ እመጣለሁ።»

ብሪዮኒ ስትነሣ ቦርሳዋን ገለባብጣ ፈተሸች። «ናና፣ እዚህ ውስጥ የነበረውን ብረት አይተሻል?»

«አላየሁም የኔ ልጅ።»

ኔቪል መሞቱን ሲነግሯት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሣችም። ኦልዊን ፊቷን ሊያነቡ ሞከሩ። ኀዘን ይሁን ጸጸት መለየት አቃታቸው፤ መለየት ያቃታቸው መሆኑ ደግሞ ይብሱን አስፈራቸው።

በማግሥቱ መርማሪዋ መጣች። ሳጅን ሬዋ ታማቲ አጭር፣ ሽበታም፣ የሱፍ ቆብ ያጠለቀች ሴት ናት። ብሪዮኒ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ሬዋ ጓሮ በኩል ገባች፤ የዶሮውን አጥር ተደግፋ ቆማ ነው ኦልዊን ያገኟት።

«ሐኪሙ ሐሳቡን ቀየረ እማማ» አለች ሰላምታ እንደተለዋወጡ። «ደሙ እዚያ ክፍል ውስጥ ካለው የጋዝ ማሞቂያ በሚወጣ መርዛም አየር ተሞልቷል። ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ያስተኛዋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ግን ክፍት ሆኖ ነው የተገኘው። መዘወሪያውም ጠፍቷል።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው።»

«ብሪዮኒ ያን ምሽት ይዛ የመጣችው ነገር ነበር?»

«ምን ትይዛለች ልጄ? የምሳ ዕቃዋን ነው እንጂ።»

«ብረት አላዩም?»

«አላየሁም።»

ሬዋ ራሷን ነቀነቀች። ከአጥሩ ሥር ባዶ መሬት ላይ የተጣሉ ሦስት እንቁላሎች ታዩዋት። «ዶሮዎችዎ ሜዳ ላይ መጣል ጀመሩ እንዴ?»

«አርጅተዋል።»

«ሦስቱም በአንድ ቀን?» አለች ሬዋ። ኦልዊን ጎንበስ ብለው እንቁላሎቹን በሽርጣቸው ሰበሰቡ።

በዚህ መሐል ብሪዮኒ የጓሮውን በር ከፍታ ገባች። ገና ሳትጠየቅ ጀመረች። «መዘወሪያውን የወሰድኩት እኔ ነኝ ሳጅን። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ጠዋት ሳየው የለም። መንገድ ላይ ጥዬው ይሆናል።»

ኦልዊን የምድር መከፈት ተመኙ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሳቸው አላየሁም ብለዋል፤ ልጅቱ ደግሞ አለ አለች። አሁን ከሁለቱ አንዳቸው ውሸታም ናቸው፤ ሰው ደግሞ የሚያምነው አሮጊቷን ነው።

«ለምን ወሰድሽው?» አለች ሬዋ።

«እንዳይዘጉት ነዋ። ጤና ቢሮው ለሠራተኞቹ ባጅ ሰጥቶናል፤ የምንተነፍሰውን የሲጋራ ጭስ እየመጠጠ የሚለካ። ትናንት ተቆጣጣሪው መጥቶ ሊሰበስበው ነበር። ክላይቭ ደግሞ ባጁን ቢራ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ተዉት ብሎን ነበር። ንጹሕ አየር እንዲያሳይ።»

«ተዋችሁት?»

«ሥራ እፈልጋለሁ» አለች ብሪዮኒ አንገቷን ደፍታ። «ተውኩት። ሁላችንም ተውነው፤ ኔቪል ብቻ ነው ያላወለቀው። ያን ምሽት ስወጣ መዘወሪያውን ይዤ እሄዳለሁ አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ‹ውሰጂው፤ እኔም ነገ እውነቱን እናገራለሁ› አለኝ። በሕይወቱ አጭሶ አያውቅም፤ ሳሉን ግን ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

«መውሰድሽን ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም።»

ሬዋ ብሪዮኒን ወደ ክለቡ ልትወስዳት ስትነሣ ኦልዊን ካፖርታቸውን ደረቡ። ብቻዋን አትሄድም አሉ። ሬዋ አልከለከለቻቸውም።

ውጩ ውስጥ ጭስ የለም፤ የጭስ ሽታው ግን ምንጣፉ ውስጥ ተቀብሯል። ሰሌዳዎቹ ተከፍተዋል፤ በመሐላቸው ሣሩና ከሣሩ ማዶ የክላይቭ ቤት ይታያል። የኔቪል ወንበር ማሞቂያው አጠገብ እንዳለ ነው። ሚሌና መጥረጊያዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች። የዘወትሩ ቁማርተኛ ትሬቨር ኩዊልም አለ፤ ተጠርቶ ነው የመጣው። ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቱ ያሽከረክራል።

ሬዋ ከአንድ የሲጋራ መተርኮሻ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ይህን የነካ አለ?»

«አንድም ሰው» አለች ሚሌና። «ፖሊስ እንዳትነኪ አለኝ፤ አልነካሁም። እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሰማው፤ የባሌ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር።»

መተርኮሻው ጠርዝ ላይ አንድ ሲጋራ እስከ ጫፉ ነዶ አልቋል። ዐመዱ እንዳለ፣ ሳይሰበር፣ እንደ ግራጫ ትል ተጋድሟል።

«የእኔ ነው» አለ ትሬቨር። «የመጨረሻዬ። ኔቪል ውጣ ውጣ ሲለኝ ትቼው ሄድኩ።»

«ስትወጣ ግድግዳው ክፍት ነበር?»

«ክፍት? ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው የተጫወትኩት። ዝጋልኝ ብለው መዘወሪያው የለም አለኝ። ማን ወሰደው ስለው፣ አይጥ በልቶታል አለኝ። ብረት የሚበላ አይጥ ያለው የኛ ክለብ ብቻ ነው። አንድ ቃል አላወጣም።»

«ነፋስስ ነበር?»

«ከዚህ ስወጣ ጭጭ ያለ ብርድ ነበር። እቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተነሣ። ሌሊቱን ሲያናውጥ አድሮ ሊነጋጋ ሲል ቆመ። የጎረቤቴን ቆሻሻ መጣያ አጥሬ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።»

«ከዚያ ወዲህ ቅጠል አልተነቃነቀም» አለች ሚሌና።

ሬዋ ዐመዱን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያም በቀስታ ተነሣች። ኦልዊን ምን እንዳየች አልገባቸውም።

«ተቆጣጣሪ ሲመጣስ ማነው የሚከፍተው?»

ትሬቨር ሳቀ። «እሱን ለቄሱ ንገሪው ሳጅን፤ ተአምር ነው። መኪናቸው ድልድዩን ሲያልፍ ግድግዳው በራሱ ይከፈታል።»

«እኔ መዘወሪያውን ከቁም ሣጥኑ እስካወጣ ተከፍቶ ነው የማገኘው» አለች ብሪዮኒ። «ኔቪል ይመስለኝ ነበር።»

«ኔቪል እኔ አጠገብ ቆሞ እያለ?» አለ ትሬቨር።

ሬዋ ወደ ሚሌና ዞረች። «የኔቪል ባጅ የት ነው? ሸሚዙ ኮሌታ ላይ መርፌው ብቻ ነው የቀረው።»

«ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ከእኛ ባጆች ጋር አየሁት። ገርሞኝ ነበር። እሱ አውልቆት አያውቅም፤ ሸሚዙን ሲያስተኩስ እንኳ እዚያው ላይ ነው የሚያስተኩሰው።»

ክላይቭ በሣሩ በኩል መጣ። ጫማውን ደጃፉ ላይ ጠርጎ ገባ፤ ለሁሉም በየስማቸው ሰላምታ ሰጠ።

«እኔ ያን ቀን ከምሳ በኋላ ኔቪልን አላየሁትም፣ አላነጋገርኩትምም» አለ ለሬዋ። «ስተኛ በመስኮቴ አየሁ፤ በሰሌዳዎቹ መሐል መብራት ይታይ ነበር። ክፍት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው ያደረው፤ ሕጉም ይህንኑ ነው የሚለው።»

«አመሰግናለሁ» አለች ሬዋ።

ሲወጡ ክላይቭ ኦልዊንን ክንዳቸውን ደግፎ ደረጃውን አወረዳቸው። አፉን ወደ ጆሯቸው አስጠግቶ፣ «ነገ ከምሳ በፊት እመጣለሁ። አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ። ለልጅቱ ስል ነው» አለ። እጁ ሞቃት ነው። ኦልዊን እጁን አመሰገኑት፤ ከዚህ ሁሉ ሰው የሚያዝንልኝ እሱ ብቻ ነው ብለው አሰቡ።

ያን ምሽት ብሪዮኒ ራት አልበላችም። «ናና» አለች፣ «መንገዱን ሁለቴ ሄጄ ፈለግኩት። ካላገኘሁት አያምኑኝም። ምን ይሻለኛል?»

ኦልዊን ፀጉሯን ዳሰሱላት። ዶሮ ቤቱ ከተቀመጡበት በመስኮት ይታያል። ብትገድልም ልጄ ናት አሉ በልባቸው፤ አሳልፌ አልሰጣትም። አፋቸው ግን፣ «እግዜር ያውቃል፤ ተኚ» አለ።

በማግሥቱ ብረቱን ለክላይቭ ሊሰጡ ቆርጠው ሳለ ቀድማ የመጣችው ሬዋ ናት። ሚሌናንና ትሬቨርን አስከትላለች። «ቤትዎን ላስቸግር ነው» ብላ ወጥ ቤት አስቀመጠቻቸው። ብሪዮኒ ምድጃውን ተደግፋ ቆመች። ክላይቭ ሌላ ሳህን ሎሚ ይዞ በጓሮ በኩል ሲገባ ሁሉም ቀና ብለው አዩት፤ እግሩ ደፉ ላይ ቆመ።

«ይግቡ» አለች ሬዋ። «እርስዎን ነበር የምንጠብቀው።»

ክላይቭ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ነገሩን ከዐመዱ ልጀምር» አለች ሬዋ። «ያን ሌሊት ነፋሱ የቆሻሻ መጣያ አጥር ላይ ሰቅሏል። የትሬቨር ሲጋራ ዐመድ ግን አልተሰበረም። እንግዲህ ግድግዳው ሌሊቱን ክፍት አላደረም። ትሬቨር ሲወጣ ክፍት ነበር፤ ነፋሱ ሳይነሣ ተዘጋ፤ ነፋሱ ቆሞ ሚሌና ሳትመጣ ተከፈተ። ኔቪል ከመዝጊያ በኋላ ማሞቂያው ሥር እግሩን ያሳርፍ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚያው እንቅልፍ ወሰደው።»

«የመዘወሪያው ጉድጓድ ከውጭ በኩል ነው» አለ ትሬቨር ቀስ ብሎ።

«አዎ። ሣሩ ላይ የቆመ ሰው ሳይገባ ይዘጋዋል። ግን በባዶ እጅ አይዘጋም። ማታም ጠዋትም እዚያ መዘወሪያ ነበረ ማለት ነው። ብሪዮኒ ደግሞ ይዤው ሄድኩ ትላለች። እውነቷን ከሆነ ሁለተኛ መዘወሪያ አለ። ውሸቷን ከሆነ የዘጋችውም የከፈተችውም እሷ ናት፤ ይዣት እሄዳለሁ። ይህን የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ያ ብረት ያን ሌሊት የት አደረ?»

ወደ ኦልዊን ዞረች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የሌለ ያህል አየቻቸው።

«እማማ፣ ለልጅቱ ፈርተው እንደሆነ ይገባኛል። አሁን ልጅቱን የሚያሳስራት ግን የእርስዎ ፍርሃት ነው።»

ኦልዊን ክላይቭን አዩት። በጣም በትንሹ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ብሪዮኒን አዩ፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ብናገር አጣኋት፤ ባልናገርም አጣኋት።

ተነሡ። ጓሮ ወረዱ። ሳጥኑ ውስጥ እጃቸውን ሲሰዱ ብረቱ እንደ በረዶ ቀዘቀዛቸው። ሲመለሱ ጭድና ላባ እንደተጣበቀበት ጠረጴዛው ላይ፣ ሎሚው አጠገብ አኖሩት።

«ያን ማታ ነው ከቦርሳዋ ያወጣሁት» አሉ። «ከፍራሼ ሥር ከትቼ ተኝቼበት አደርኩ። ሳይነጋ ከዚህ ቤት አልወጣም። ከዚያ ሚሌና ስትደውል … ዶሮዎቹ ሥር ቀበርኩት።»

ሚሌና አፏን በእጇ ያዘች። ብሪዮኒ አልተንቀሳቀሰችም።

«እንግዲህ ሁለተኛው አለ» አለች ሬዋ። «መኪናው ድልድዩን ሲያልፍ ግድግዳውን በራሱ የሚከፍተው። እማማ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ይህን ብረት የጠየቀዎት ሰው ነበር?»

«ክላይቭ» አሉ ኦልዊን። «ለልጅቱ ብሎ ነው።»

«መቼ?»

«ኔቪል በተገኘበት ጠዋት። ልጅቱ ይዛው የመጣችው ብረት አለ፣ ስጪኝ፣ ወንዝ እጥለዋለሁ አለኝ።»

«ወንዝ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ መዘወሪያ መኖሩን የሚመሰክር አይገኝም ነበር» አለች ሬዋ። «በዚያ ጠዋት፣ ብሪዮኒ መዘወሪያውን መውሰዷን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እዚህ ተኝታ ነበር። ሌላው ሞቷል። ለትሬቨር እንኳ አይጥ በላው ነው ያለው። አቶ ሃርኔት ደግሞ ከምሳ በኋላ ኔቪልን አላነጋገርኩትም ብለውኛል። ታዲያ ማን ነገረዎት?»

ክላይቭ የሎሚውን ሳህን በጣቱ አስተካከለ።

«እኔ ልንገርዎት። ኔቪል ሐቀኛ ሰው ነው፤ ከጀርባ አይወጋም። ሣሩን ተሻግሮ ደጅዎ መጣ። መዘወሪያውን ልጅቱ ወስዳዋለች፣ ግድግዳው ከእንግዲህ አይዘጋም፣ ነገም ባጄን ሰጥቼ እናገራለሁ አለዎት። ውጩ ከታሸገ ክለቡ አለቀ፤ እንቅልፍ እንደወሰደው በሁለተኛው መዘወሪያ ግድግዳውን ዘጉበት። ጠዋት ገብተው ባጁን ከኮሌታው ላይ ነቅለው ማቀዝቀዣው ውስጥ ከተቱት፤ መርፌው ግን ቀረ። ግድግዳውንም ከፈቱት። በዚህ ከተማ ውስጥ ሁላችሁም የምታደርጉትን ነው ያደረጉት፤ የመንግሥት ሰው ሊመጣ ሲል ግድግዳውን መክፈት። እንደተዘጋ ትተውት ቢሆን ኖሮ አደጋ ነው ብዬ በሄድኩ ነበር። በዝግ ክፍል ውስጥ ማሞቂያ ስንቱን ገድሏል። አሁን ፖሊሶቼ የሣር ማጨጃው መጋዘንዎ ውስጥ ሁለተኛውን መዘወሪያ እየፈለጉ ናቸው።»

«ብርድ ነበር» አለ ክላይቭ። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው። «እንዳይበርደው ብዬ ነው የዘጋሁት።»

«ጠዋት የከፈቱለትስ እንዳይሞቀው ነው?»

ትሬቨር ሲጋራውን በጣቶቹ መሐል ሰብሮ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ደጅ የነበሩት ሁለት ፖሊሶች ሲገቡ ክላይቭ ራሱ ተነሣ፤ ኦልዊን አጠገብ ሲያልፍ ክንዳቸውን ሊነካ እጁን ሰነዘረ። ወደኋላ ሸሹ። ትናንት ያን እጅ አመስግነውት ነበር።

ሬዋ ብረቱን በጨርቅ ጠቀለለች። «ማን ከፈተው ብለው ራስዎን ቢጠይቁ ኖሮ እንቅልፍ ይወስድዎ ነበር እማማ» አለች፤ ክፋት የለበትም። «ውጩ ዛሬ ታሽጓል። ባጆቹን ልኬያለሁ።»

እሷም ወጣች፤ ሚሌናና ትሬቨርም ተከተሏት። ወጥ ቤቱ ውስጥ አያትና ልጅ ቀሩ። ጠረጴዛው ላይ ሎሚውና ጥቂት ላባ አለ።

«አለቀ የኔ ልጅ» አሉ ኦልዊን። «አልፏል። ሻይ ላፍላልሽ።»

«ከፍራሽሽ ሥር ነበር?» አለች ብሪዮኒ።

«አዎ።»

«መንገዱን ሁለቴ ስፈልግ፣ ዶሮ ቤት ነበር።»

«ፈርቼ ነው።»

«ለእኔ ነው የፈራሽው ናና፣ ወይስ እኔን?»

ኦልዊን አፋቸውን ከፈቱ። ለልጅ መፍራትና ልጅን መፍራት በዚህ ሦስት ቀን ውስጥ የት ላይ እንደተቀላቀለባቸው ፈለጉ፤ ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ጥደው ቆመው ፈለጉ። ብሪዮኒ ጠበቀቻቸው። ውሃው መፍላት ጀመረ፤ እስኪፈላ ድረስ ጠበቀቻቸው።

ከዚያ ካፖርቷን ከመንጠልጠያው አነሣች። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ ወሰደች፤ ከፍታ ውስጡን አየችና መልሳ ዘጋችው። ጓሮ በኩል ወጣች፤ የሥራ ሸሚዟ ውርጭ አድርቆት ገመዱ ላይ ተሰቅሏል፤ ሳትነካው በሥሩ አለፈች፤ የአጥሩን በርም ሳትዘጋው፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ሄደች።